ተኝተው የወጡት ልጆች፦ የታም ሉዋንግ ዋሻ የነፍስ አድን ሥራ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ የተደረገውን የነፍስ አድን ሥራ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በፍጻሜው ነው። ዋሻው ውስጥ ሳሉ ጎርፍ የዘጋባቸው የአንድ እግር ኳስ ቡድን አሥራ ሁለት ልጆችና ረዳት አሰልጣኛቸው በሕይወት ወጡ፤ ሲጨነቅ የሰነበተው ዓለም እፎይ አለ። ሊማርበት ለሚፈልግ ሰው ግን ከፍጻሜው ይልቅ ልጆቹ ገና ሳይገኙ የሆነ አንድ ነገር ይበልጥ ያስተምራል።

ውኃ በፓምፕ ለማውጣት ከተሰማሩት መካከል አራት ሠራተኞች፣ ክፍል ሦስት በሚባለው የዋሻው አዳራሽ ውስጥ ሳሉ ውኃ ከኋላቸው ዘጋባቸው። መቅረታቸውን ውጭ ያለ ሰው አላወቀም ነበር። ልጆቹን የሚፈልጉ ሁለት እንግሊዛውያን ጠላቂዎች በአጋጣሚ ደረሱባቸውና አጫጭር የውኃ ውስጥ መተላለፊያዎችን አሻግረው ሊያወጧቸው ወሰኑ። ሰዎቹ ጤነኛ አዋቂዎች ነበሩ፤ ርቀቱም ትንሽ ነበር። ሆኖም ፊታቸው ውኃ ውስጥ እንደገባ ተሸበሩ፤ ተንፈራገጡ፤ ወደ ላይ ለመውጣት ታገሉ። አራቱም በደኅና ወጡ፤ ጠላቂዎቹ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዘው ዞሩ፤ አዋቂ ሰው ለዚህች ታህል እንዲህ ከሆነ፣ ጠልቆ የማያውቅ ልጅ ሰዓታት የሚፈጅ መንገድ እንዴት ይወጣል?

በኋላ የተወሰደውን፣ ልጆቹን አደንዝዞ የማውጣቱን አስፈሪ ውሳኔ ለመረዳት ከዚህ ጥያቄ መነሳት ያስፈልጋል። በጽሑፉ ውስጥ የማንንም ስም አልጠቅስም፤ የምንፈልገው ማን ምን እንደሠራ ሳይሆን ለምን እንደዚያ እንደወሰነ ነውና።

ቦታው

ታም ሉዋንግ በሰሜን ታይላንድ፣ በቺያንግ ራይ ክፍለ ሀገር፣ ከምያንማር ድንበር አጠገብ ባለ ተራራ ሥር ይገኛል። ርዝመቱ ከ10 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ተራራው የኖራ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ዝናቡን በስንጥቆቹ እየመጠጠ ወደ ውስጥ ያወርደዋል፤ ዋሻውን በብዙ ሺህ ዓመታት የቦረቦረውም ይኸው ውኃ ነው። በበጋ ሰው የሚሄድበት መተላለፊያ በዝናብ ወቅት የውኃ መውረጃ ይሆናል።

አደጋውን ለማያውቅ ሰው ሁለት ነገሮች ያታልሉታል። የመጀመሪያው፣ ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው የውጭውን ዝናብ አያይም፤ ድምፁንም አይሰማም። ሁለተኛው ደግሞ የወለሉ አቀማመጥ ነው። መተላለፊያው እየወጣና እየወረደ ስለሚሄድ ዋሻው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ ቀድመው የሚሞሉት ዝቅ ያሉት ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ከኋላ ያለው መመለሻ እስከ ጣሪያው ተዘግቶ ሳለ፣ ከፊት ያለው ሰው ጫማው እንኳ ሳይርስ ጉብኝቱን ሊቀጥል ይችላል።

በመግቢያው ላይ ከጁላይ እስከ ኖቬምበር ባሉት ወራት መግባት አደገኛ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ቆሞ ነበር።

የገቡበት ቀን

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጁን 23 ቀን 2018 ነበር። በሰሌዳው መሠረት አደገኛው ወቅት ሊጀምር ስምንት ቀን ይቀረዋል። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆኑ አሥራ ሁለት የአንድ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ልምምዳቸውን ጨርሰው፣ ከ25 ዓመቱ ረዳት አሰልጣኛቸው ጋር በብስክሌት ወደ ዋሻው ሄዱ። አሰልጣኙ ከዚህ በፊት ገብቶበት ያውቃል። ያሰቡት አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ሊመለሱ ነበር።

ሲመለሱ መንገዱ በውኃ ተዘግቶ አገኙት። አሰልጣኙ ገመድ አሰረና ጫፉን ለልጆቹ ሰጥቶ፣ ገመዱን ከነቀነቀ እንዲጎትቱት ነግሯቸው ጠለቀ። ከፊቱ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ስላገኘ ተመለሰ። ውኃው እየጨመረ ሲመጣ ወደ ውስጥ አፈገፈጉና ከፍ ያለ ተዳፋት ፈልገው ወጡበት።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አሰልጣኙን በችኮላ ይወቅሳል። ልጆቹን ይዞ መግባቱ ስሕተት ነበር፤ ይህን ማለባበስ አይገባም። ነገር ግን ስሕተቱ የመጣው ከግድየለሽነት ሳይሆን ቀድሞ ገብቶ በሰላም በመውጣቱ ከተፈጠረ መተማመን ይመስለኛል። ሦስት ጊዜ ገብቶ በሰላም የወጣ ሰው ዋሻውን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ የሚያውቀው ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት የነበረውን ዋሻ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ቀን

ምግብ አልነበራቸውም። የጎርፉን ውኃ ትተው ከዓለቱ የሚንጠባጠበውን ጠጡ። የእጅ ባትሪዎቻቸውን እየቆጠቡ ተጠቀሙ። አሰልጣኙ ለዓመታት በምንኩስና የኖረ ስለነበር ልጆቹ እንዲረጋጉና ጉልበታቸውን እንዲቆጥቡ ተመስጦ አስተማራቸው። በድንጋይ እየቆፈሩም መውጫ ለማበጀት ሞከሩ። ቁፋሮው የትም የሚያደርስ አልነበረም፤ ሆኖም በጨለማ ውስጥ ለተቀመጡ ልጆች የሚሠሩት ነገር ማግኘታቸው የራሱ ጥቅም ሳይኖረው አልቀረም።

ከሁሉም በላይ ያዳናቸው ከተዳፋቱ አለመውረዳቸው ነው። ተለያይተው አልሄዱም፤ ውኃው ውስጥ ገብቶ ዕድሉን የሞከረ ልጅም የለም። ልጆቹን ያስገባው ሰው ዘጠኝ ቀን በአንድነት የያዛቸውም እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ አንዱን ተናግሮ ሌላውን መተው ተገቢ አይደለም።

ፍለጋው

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከደረሱት መካከል የታይላንድ ባሕር ኃይል ልዩ ጠላቂዎች ነበሩ። በጥንካሬም በድፍረትም የሚታሙ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን የሠለጠኑት ለክፍት ባሕር ነው። በባሕር የተቸገረ ጠላቂ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዋሻ ግን ከላይ ያለው ዓለት ነው። የአየር ሲሊንደር በጀርባ አዝሎ በጠባብ መተላለፊያ መሹለክ አስቸጋሪ ነው፤ የዋሻ ጠላቂዎች በጎንና በጎናቸው የሚያስሩት ለዚህ ነው። ውኃው በጭቃ ስለደፈረሰ የራስን እጅ እንኳ አያሳይም ነበር። ጅረቱም ወደ ኋላ እየገፋ ያስቸግራል። ስለዚህ ፍለጋው ለቀናት ተስተጓጎለ።

በአካባቢው የሚኖር አንድ የውጭ አገር ዜጋ ዋሻውን ለዓመታት ሲያስስ የኖረ ሰው ነበር። ልጆቹ ሊኖሩ የሚችሉበትን አቅጣጫ የጠቆመው፣ በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ የሆኑት የዋሻ ጠላቂዎች እንዲጠሩ ያሳሰበውም እሱ ነው። በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎችና በብዙ ማሽኖች መካከል ያ አንድ ሰው ያወቀው ነገር ባይኖር ሥራው ምን ያህል ቀን ይዘገይ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል።

ከዋሻው ውጭ የተሠራው ብዙም አልተወራለትም፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። መሐንዲሶችና በጎ ፈቃደኞች ተራራው ላይ ወጥተው፣ ወደ ዋሻው የሚሰርጉትን ጅረቶች እየገደቡ በቧንቧ ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሷቸው። ከዋሻው የወጣው ውኃ ከአንድ ቢሊዮን ሊትር በላይ እንደሆነ ይገመታል። ውኃው የፈሰሰው በገበሬዎች የሩዝ ማሳ ላይ ነበር። ማሳቸው የጠፋባቸው ገበሬዎች ልጆቹ ይውጡ እንጂ ሰብሉ ይተካል ብለው ተቀበሉት። ሌሎች ደግሞ ምግብ አበሰሉ፤ የአዳኞቹን ጭቃ የጠጣ ልብስ አጠቡ።

ሰኔ 25 ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሁለቱ እንግሊዛውያን ጠላቂዎች ገመድ እየዘረጉ ከመግቢያው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ከገቡ በኋላ ከውኃው ብቅ አሉ። ልጆቹን ከማየታቸው በፊት ሽታቸው ደረሳቸው። ከዚያ መብራት ሲያበሩ አንድ በአንድ ከተዳፋቱ እየወረዱ መጡ። ጠላቂው ስንት እንደሆኑ ጠየቀ። እንግሊዝኛ የሚችል የ14 ዓመት ልጅ «አሥራ ሦስት» ብሎ መለሰለት።

ከተገኙ በኋላ

ውጭ ደስታ ሆነ። ጠላቂዎቹ ግን የዚያን ያህል አልተደሰቱም፤ መንገዱን ያዩት እነሱ ናቸው። በነጋታው የባሕር ኃይል ጠላቂዎች ምግብ ይዘው ገቡ፤ ከእነሱም ሐኪምን ጨምሮ አራቱ እስከ መጨረሻው ቀን ከልጆቹ ጋር ቀሩ።

አንደኛው አማራጭ ዝናቡ እስኪያልፍ፣ ማለትም አራት ወር ያህል፣ ምግብ እያመላለሱ እዚያው ማቆየት ነበር። ሁለተኛው ከተራራው ላይ መቆፈር፣ ሦስተኛው ሌላ መግቢያ መፈለግ ነው። ከመቶ በላይ ቦታዎች ተሞክረው የሚያደርስ አልተገኘም። አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ያሠራው ትንሽ ሰርጓጅ መርከብም መጣ፤ ለመተላለፊያው ጥምዝና ጥበት ስላልሆነ ጥቅም ላይ አልዋለም። ልጆቹን ጥልቅ ዋና አስተምሮ ማውጣትም ታስቦ ነበር። ሲሰሙት ከሁሉም ሰብአዊ የሚመስለው ይኸኛው ነው። የአራቱ ሠራተኞች ነገር ግን እንደማይሆን አሳይቷል፤ ሰው በድንጋጤ ላይ ሳለ የሰሞኑን ትምህርት አያስታውስም፤ የያዘውን ሰው አንቆ ይዞ ይሰጥማል።

መጠበቅ የማይቻል መሆኑን ያስገነዘቡት ሁለት ነገሮች ናቸው። ልጆቹ ባሉበት የአየሩ ኦክስጅን ወደ 15 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ተፈጥሯዊው መጠን 21 በመቶ ገደማ ነው። የአየር ትንበያውም ከባድ ዝናብ እየመጣ መሆኑን ተናገረ። በዚህ መሐል ሰኔ 29 ቀን፣ በፈቃዱ ለመርዳት የመጣ አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ የአየር ሲሊንደሮችን አድርሶ ሲመለስ ራሱን ሳተና ሞተ። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ መንገድ ከሞተ በኋላ፣ ልጆች በዚያው ይውጡ ብሎ መፈረም ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ይቻላል።

የማደንዘዣው ውሳኔ

የቀረው ሐሳብ ልጆቹን አደንዝዞ እንደ ዕቃ ማውጣት ነበር። ለዚህም ማደንዘዣ ሰጪ ሐኪም የሆነ፣ በዋሻ ጥልቅ ዋናም የተካነ አንድ አውስትራሊያዊ ተጠራ። ሐሳቡ ሲቀርብለት እንደማይሠራ ተናገረ። ልጆቹ ይሞታሉ ብሎ ያምን ነበር። በመጨረሻ የተቀበለው ካልወጡ መሞታቸው የማይቀር ስለሆነ ነው። የታይላንድ መንግሥትም ልጆቹ ቢሞቱ ሐኪሙ በሕግ እንዳይጠየቅ ከለላ ሰጠው።

ከዚያ ልምምድ ተደረገ። በአካባቢው የመዋኛ ገንዳ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ልጆች ጭምብሉንና የዋና ልብሱን ለብሰው ተሞከሩ። ማሠሪያው የት እንደሚላላ፣ ጭምብሉ በልጅ ፊት ላይ እንዴት እንደሚገጥም የታወቀው ዋሻው ውስጥ ሳይሆን በጠራ ገንዳ ነው።

አሠራሩ ይህ ነበር። ልጁ መጀመሪያ የሚያረጋጋ ክኒን፣ አልፕራዞላም፣ ይውጣል። የዋና ልብሱን ለብሶ ወደ ውኃው ዳር ይወርድና በሐኪሙ ጭን ላይ ይቀመጣል። በእግሮቹ ሁለት መርፌ ይወጋል፤ አንዱ የሚያስተኛው ኬታሚን፣ ሌላው ምራቁን እንዲቀንስ የሚያደርገው አትሮፒን። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይተኛል። ፊቱን በሙሉ የሚሸፍን፣ አየሩን በግፊት የሚሰጥና ውኃ የማያስገባ ጭምብል ይጠለቅለታል፤ ሲሊንደሩ ከፊቱ ይታሰራል፤ ነቅቶ ጭምብሉን እንዳይነቅል እጆቹ ከኋላው ይታሰራሉ። ከዚያ ሐኪሙ የተኛውን ልጅ ፊት ወደ ውኃው አስገብቶ፣ የትንፋሹ አረፋ መውጣቱን እስኪያረጋግጥ ይጠብቃል። ሕመም ለማስታገስ የሠለጠነ እጅ የተኛን ልጅ ፊት ውኃ ውስጥ ሲደፍቅ ምን እንደሚሰማው ማሰብ አያዳግትም።

ኬታሚን ሰዓት ያህል ነው የሚያቆየው፤ መንገዱ ግን ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ሐኪም ያልሆኑት ጠላቂዎች መርፌ መውጋት ተማሩ፤ ልጁ መንቃት ሲጀምር መንገድ ላይ እየደገሙ ይወጉት ነበር።

ሦስቱ ቀናት

ሐምሌ 1 ቀን አራት ልጆች፣ ሐምሌ 2 ቀን አራት፣ ሐምሌ 3 ቀን አራት ልጆችና አሰልጣኙ ወጡ። እያንዳንዱን ልጅ አንድ ጠላቂ ያዘ። በጨለማው ውኃ ውስጥ ጠላቂው የልጁን መተንፈስ የሚያውቀው በአረፋው ነበር። ከክፍል ሦስት ጀምሮ ብዙ ሰዎች ቃሬዛውን በገመድና በእጅ እየተቀባበሉ አወጡት።

ማን ይቅደም የሚለውን ሲወስኑ የተነሳው ሐሳብ ልብ ይነካል። ከውጭ ያለውን ግርግር የማያውቁት ልጆች እንደወጡ ብስክሌታቸውን ነድተው ወደ ቤት የሚሄዱ መስሏቸው ነበር። ስለዚህ ቤቱ ሩቅ የሆነ ይቅደም ተባለ፤ በየመንገዱ ላሉት ቤተሰቦች ደኅንነታቸውን እንዲያደርስ። ውጭ ደግሞ ባለሥልጣናቱ የወጡትን ልጆች ስም ይዘው ቆዩ፤ የአንዱ እናት ስትደሰት የሌላው እናት እንዳትጎዳ። ወላጆቹም ሁሉም እስኪወጡ አብረው ጠበቁ።

ያልተሳካ ነገርም ነበር። በመጨረሻው ቀን አንድ ጠላቂ ልጅ ይዞ ሳለ የሚመራውን ገመድ ሳተ። በዳሰሳ የኤሌክትሪክ ሽቦ አግኝቶ ተከተለውና ወደ ኋላ ባለ ክፍል ውስጥ ብቅ አለ፤ እዚያ ቆይቶ ከኋላው የመጡት ጠላቂዎች ደረሱለት። ልጆቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ደግሞ ዋናው ፓምፕ ተበላሸ፤ ውኃው በፍጥነት ሲጨምር ውስጥ የቀሩት ሠራተኞች እየሮጡ ወጡ።

ልጆቹ ሐምሌ 11 ቀን ከሆስፒታል ወጡ። በማዳኑ ሥራ ላይ በደም መመረዝ የታመመ ሌላ የባሕር ኃይል ጠላቂ በዓመት ከመንፈቅ ገደማ፣ በዲሴምበር 2019 አረፈ። የዚህ ጉዳይ ሒሳብ ሲሠራ የሁለቱ ሰዎች ሕይወት መረሳት የለበትም።

ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ የሚችል ትምህርት

ልምድ የሌለው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ እንደገና ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ጉዳይ ልጆቹ ብቻ አልነበሩም። ዋሻውን በበጋ ያወቀው አሰልጣኝ ለዝናቡ ወቅት አዲስ ነበር፤ ፓምፕ የሚያውቁት ሠራተኞች ለመጥለቅ አዲስ ነበሩ፤ ባሕር የሚያውቁት ጠላቂዎች ለዋሻ አዲስ ነበሩ። ሥራው መስመር የያዘው እያንዳንዱ ወገን የማያውቀውን ለሚያውቀው ሲለቅ ነው፤ የባሕር ኃይሉ ሰዎች የውኃ ውስጡን መንገድ በሲቪሎች እጅ ለመተው መፍቀዳቸው በእኔ ግምት ከመጥለቃቸው ያላነሰ ድፍረት ይጠይቃል። ቡድን የሚመራ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባውም «ልምድ አለህ?» ሳይሆን «በየትኛው ወቅት፣ በምን ዓይነት ቦታ?» ነው።

የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ወር ብቻ ሲጽፍ ሰውን ያሳስታል። ስምንት ቀን መቅረቱ ለአንባቢው ፈቃድ ይመስለዋል። መለኪያው ያለፉት ቀናት ዝናብና የትንበያው ነገር ቢሆን ይሻላል፤ ዝናብ ካለ በማንኛውም ወር መግባት ይቅር።

ለአዳኞች ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል፤ ከተጎጂው ችሎታ የሚጠብቅ ዕቅድ መያዝ አደገኛ ነው። የደከመ፣ የተራበ፣ የፈራ ሰው እንዲህ ያደርጋል ተብሎ በተጻፈ መስመር ሁሉ ላይ አያደርግም ብሎ እንደገና ማሰብ ይገባል። በታም ሉዋንግ ከልጆቹ የተጠየቀው ክኒን መዋጥና መቀመጥ ብቻ ነበር። ማደንዘዣው በየቦታው ይደገም ማለቴ አይደለም፤ ሐኪሙም ሌላ አማራጭ ቢኖር አያደርገውም ነበር። የሚደገመው ክብደቱን ሁሉ ከተጎጂው ላይ አውርዶ አዳኙ ላይ የማድረግ ሐሳቡ ነው።

ውኃ የዘጋበት ጎብኚ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ይዞ፣ ሳይለያይ፣ መብራቱን ቆጥቦ ይጠብቅ። የአሥራ ሦስቱ ሕይወት የተረፈው በቅድሚያ በዚህ ነው።

መጠበቅ የሚጠቅመው ግን ውጭ ያለ ሰው የት እንዳሉ ሲያውቅ ነው። በዚያ ቅዳሜ ምሽት የቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ስልኩን ሲያይ ከወላጆች የመጡ ብዙ ያልተመለሱ ጥሪዎች አገኘ። በየልጆቹ ስልክ ሲደውል ማንም አላነሳም። በመጨረሻ ከልምምድ በኋላ ወደ ቤት የተመለሰ አንድ የ13 ዓመት ልጅ አነሳና ጓደኞቹ ወደ ዋሻው መሄዳቸውን ነገረው። ዋና አሰልጣኙ እየሮጠ ሄደ። መግቢያው ላይ የቆሙ ብስክሌቶችና የተቀመጡ ቦርሳዎች አገኘ፤ ፍለጋውም ሳይውል ሳያድር ተጀመረ።